የዝሆን ሣር፤ አንድ ጊዜ ተተክሎ ለዓመታት የሚታጨድ የላም ቀለብ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ላምበረት በዛሬው ጊዜ የሚታወቀው በአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያውና በመንገዱ ግራና ቀኝ በተሠሩት ሕንፃዎች ነው። ስሙ ግን የሚናገረው ስለ አውቶቡስ አይደለም፤ ስለ ላምና ስለ በረት ነው። ከተማው ሰፍቶ የግጦሹን መሬት ከያዘው በኋላም ስሙ ሳይለወጥ ቆይቷል። ከዚህ አካባቢ ተነሥቶ በለገጣፎ በኩል እስከ ሰንዳፋ ባለው መስመር ዛሬም ላም አስረው የሚቀልቡ፣ ወተት አልበው ለከተማው የሚያቀርቡ ከብት አርቢዎች አሉ። የእነዚህ ሰዎች የዘወትር ጭንቀት ደግሞ አንድ ነው፤ ይኸውም ላሚቱ ምን ትብላ የሚለው ነው።

የከተማ ላም ለግጦሽ አትሰማራም። የምትበላው ሁሉ በገንዘብ ተገዝቶ ይመጣላታል። ድርቆሹ ከሱሉልታና ከሌሎቹ የሣር አገሮች በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ፍሩሽካው ከዱቄት ፋብሪካ፣ ፋጉሎው ከዘይት መጭመቂያ፣ አተላው ከቢራ ፋብሪካና ከጠላ ቤት ይገዛል። ለወተት ላም ከሚወጣው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ቀለቡ መሆኑን ማንኛውም አርቢ ያውቀዋል። የድርቆሽ ዋጋ በኅዳር ሲረክስ፣ ከመጋቢት ወዲህ ግን ክምሩ እየመነመነ ሲሄድ ይወደዳል። በዚያን ጊዜ ወተቱ ይቀንሳል፤ ላሚቱም ትከሳለች፤ ኮርማ የምትፈልግበትም ጊዜ ይዘገያል። አርቢው የሚከስረው እንግዲህ በአንድ ጊዜ በሦስት በኩል ነው።

ከዚህ ችግር በከፊልም ቢሆን ሊያወጡ ይችላሉ ተብለው ለረጅም ጊዜ ከተጠኑት ተክሎች አንዱ የዝሆን ሣር ነው። አንዳንዶች ዝሆኔ ይሉታል፤ በውጭ አገር ደግሞ ኔፒየር በሚለው ስም ይታወቃል። ይህ ሣር ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚራባ፣ ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚያሰጋው ማወቅ ላም ላለው ሰው ሁሉ የሚበጅ ነው።

የሾላ ወተትና የቀለብ ጥያቄ

ለገበያ የሚሆን የወተት ሥራ በአዲስ አበባ ዙሪያ የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ የተባሉት የውጭ አገር የወተት ላሞች በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) በዚያን ጊዜ የከተማው ዳርቻ በነበረው በሾላ ለሙከራ የሚሆን የወተት ማቀነባበሪያ አቋቋመ። ወተቱም ከአካባቢው ከብት አርቢዎች ይሰበሰብ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ የወተት ልማት ድርጅት ተመሠረተ። የከተማው ሕዝብ የሾላን ወተት የለመደው በዚህ ሁኔታ ነው።

ይሁን እንጂ የላሙ ዝርያ ሲሻሻል የቀለቡ ጉዳይ አብሮ አልተሻሻለም። የአገራችን ላም በጥቂት ገለባና በቆረቆንዳ መሬት በሚበቅል ሣር ሕይወቷን ማቆየት ትችላለች፤ ለዘመናት የኖረችውም በዚሁ ነው። ክልስ ላም ግን ከዚህ የተለየች ናት። በቀን ከ10 ሊትር በላይ ወተት እንድትሰጥ የሚፈለግ ላም በዚያው ልክ መብላት አለባት። ገለባና ጭድ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ወተት አይሆኑም፤ ገንቢ ንጥረ ነገራቸው አነስተኛ ነውና። ስለዚህም ነው እርጥብ ሣር ዓመቱን በሙሉ የሚያስገኝ ተክል መፈለግ የተጀመረው።

በአርሲ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የመኖ ሣሮችን እያስመጣ ከሞከሩት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ ነው። ከዚያም በኋላ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት አማካይነት መኖ በጓሮ፣ በአጥር ዳርና በእርከን ላይ እንዲተከል ለገበሬው ትምህርት ተሰጥቷል። በጊዜው ከተሠራጩት የመኖ ተክሎች መካከል የዝሆን ሣር፣ ሰስባንያና ትሪ ሉሰርን ዋነኞቹ ነበሩ።

ከጫካ ዳር የመጣ ሣር

የዝሆን ሣር ትውልድ አገሩ ሐሩራማው የአፍሪካ ክፍል ነው። ሰው ሳይተክለው በራሱ የሚበቅለው በወንዝ ዳር፣ እርጥበት ባለው ረባዳ መሬትና ጫካው አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ዛፍ ተመንጥሮ ከተተወ መሬት ላይ ቶሎ ብሎ የሚወጣም ሣር ነው። በኡጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ያለው ለም አገር «የዝሆን ሣር ቀበሌ» እስከመባል የደረሰው ሣሩ በብዛት ከመብቀሉ የተነሣ ነው። ሣሩ የበቀለበት መሬት አፈሩ ጥልቅና ለም መሆኑን የዚያ አገር ገበሬዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ይህ አመጣጡ ለአርቢው ትርጉም አለው። ሣሩ የጫካ ዳር ተክል በመሆኑ ለም አፈርና እርጥበት ይወዳል፤ ውሃ ተኝቶበት የሚከርም መሬት ግን አይስማማውም። መጠነኛ ጥላ ይችላል፤ በዛፍ አጠገብና በአጥር ሥር ሊተከል የሚችለውም ስለዚሁ ነው። ሙሉ ፀሐይ ባገኘ ጊዜ ግን ዕድገቱ እጅግ ይፋጠናል።

ኔፒየር የሚለው ስም የመጣው ከሰው ስም ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዛሬይቱ ዚምባብዌ በቡላዋዮ የኖረው ኮሎኔል ኔፒየር የሣሩን ጥቅም ለአገሩ የእርሻ መሥሪያ ቤት በማሳወቁ ስሙ ከሣሩ ጋር ተያይዞ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1913 ሣሩ ወደ አሜሪካ ተወሰደ፤ ዛሬ በእስያም በላቲን አሜሪካም ይታወቃል። በአንዳንድ የባሕር ማዶ አገሮች፣ ለምሳሌ በፍሎሪዳና በሃዋይ፣ ከእርሻ አምልጦ አረም እስከመሆን ደርሷል። በትውልድ አገሩ በአፍሪካ ግን እንደ ወዳጅ የሚቆጠር ተክል ነው።

የሣሩ ተፈጥሮ

የሣሩ ሳይንሳዊ ስም ለረጅም ጊዜ ፔኒሴተም ፑርፑሪየም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የዕፀዋት ሊቃውንት አመዳደቡን አሻሽለው ሴንክረስ ፑርፑሪየስ ብለውታል። «ፑርፑሪየስ» ማለት ወይን ጠጅ መልክ ያለው ማለት ሲሆን ስሙ የተሰጠው የአበባውን ዘለላ መልክ በመመልከት ነው። በየጊዜው በሚወጡ ጽሑፎች ሁለቱም ስሞች ስለሚገኙ አንባቢው ሁለት የተለያዩ ሣሮች ሊመስሉት አይገባም።

ሣሩ ከሥሩ ብዙ ግንድ እያወጣ ችፍግ ብሎ የሚበቅል ነው። ካልታጨደ ከ2 እስከ 4 ሜትር ይረዝማል፤ በጣም በተመቸው ቦታ ከዚያም ያልፋል። ግንዱ እንደ ሸንኮራ አገዳ በአንጓ በአንጓ የተከፋፈለ ሲሆን ውፍረቱ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቅጠሉ ረጅም ነው፤ አንዳንዱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። መካከሉን ነጭ ጅማት ያልፍበታል፤ ጠርዙ ስለታም ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጸጉር አለበት። ባዶ እጁን ሣሩን ያጨደ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ሥሩ ደግሞ በመሬት ውስጥ በርካታ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። በበጋ ሌላው ሣር ሲደርቅ የዝሆን ሣር ጥቂት ልምላሜ ይዞ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

በፍጥነት የሚያድግበት ዋናው ምክንያት ቅጠሉ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዝበት ልዩ ዘዴ ነው። በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማሉ። እንዲህ ያሉ ተክሎች ሙቀትና ብርሃን ባለበት ቦታ ከሌሎቹ ይልቅ ባነሰ ውሃ ብዙ ቅጠልና ግንድ ይሠራሉ። የዚህ ዘዴ ደካማ ጎኑ ብርድን አለመቻሉ ነው። ስለዚህ የዝሆን ሣር በጣም የሚስማማው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር ሣሩ ይበቅላል፤ ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ዕድገቱ ይገታል፤ ውርጭ ከመታውም ቅጠሉ ይጠወልጋል። ሥሩ ግን ስለማይሞት ሙቀትና ዝናብ ሲመለስ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ዘር አለው፣ በዘር ግን አይተከልም

የሣሩ አበባ እንደ ቀበሮ ጭራ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ዘለላ ነው። በዚህ አበባ ላይ የሴቴው ክፍል ከወንዴው ክፍል ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ አበባው በራሱ ብናኝ ሳይሆን ከሌላ ተክል በነፋስ በሚመጣ ብናኝ ይዳቀላል። ከዚህም የተነሣ ከአንድ እናት የተገኙ ዘሮች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ቅጠላም፣ ሌላው ግንዳም ሆኖ ይወጣል። በዚያም ላይ ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ እንደበሰለም ይረግፋል፤ ከረገፈውም ብዙው አይበቅልም።

በዚህ ምክንያት ገበሬው ሣሩን የሚተክለው በግንድ ቁራጭ ወይም ከእናቱ ጉቶ በተገነጠለ ቡቃያ ነው። ይህ ዘዴ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት አንድ ሸክም ግንድ ተቀብሎ ማሳውን ሊሞላ ይችላል። የተተከለው ሁሉ እናቱን ስለሚመስልም ጥሩ ዝርያ ከተገኘ ጥሩነቱ አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ማሳ ሙሉ ሣር፣ እንዲያውም የአንድ ወረዳ ሣር በሙሉ፣ በመሠረቱ አንድ ተክል ነው ማለት ነው። አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ሊገድል ይችላል። ይህ እንዲያው በግምት የሚነገር ሳይሆን በጎረቤት አገር በዓይን የታየ ነው።

የሚያቀጭጨው በሽታ

በኬንያ የወተት ከብት የሚያረቡ ባለ አነስተኛ መሬት ገበሬዎች ዋና መተማመኛቸው የዝሆን ሣር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚያ አገር ሁለት በሽታዎች በሣሩ ላይ ተነሡ። አንደኛው እንደ እህል አረማሞ ያለ፣ የአበባውን ዘለላ ጥቀርሻ የሚያስመስል የሻጋታ በሽታ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ የማቀጨጭ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ ሣር መጀመሪያ በደኅና ያድጋል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት አጨዳ በኋላ ግን ቅጠሉ እየቀጠነና ቢጫ እየሆነ፣ ግንዱ እያጠረ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ጉቶው በሙሉ ይደርቃል። ሙሉ ማሳቸው የጠፋባቸውና መኖ ገዝተው ለመቀለብ ወይም ላማቸውን ለመሸጥ የተገደዱ ገበሬዎች ነበሩ።

በሽታውን የሚያመጣው ፋይቶፕላዝማ የተባለ፣ የሕዋስ ግድግዳ የሌለው ደቂቅ ባክቴሪያ ነው። የሚኖረው ምግብ በሚያመላልሰው የተክሉ ሥር ውስጥ ነው። ከተክል ወደ ተክል የሚያስተላልፈው የቅጠል ፈሳሽ የምትመጥ ትንሽ ፌንጣ መሰል ነፍሳት ስትሆን፣ ከሩቅ ወደ ሩቅ የሚያጓጉዘው ግን ሰው ራሱ ነው፤ የታመመ ግንድ ቆርጦ ለወዳጁ በመስጠቱ። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ የማቀጨጭ ምልክት በዝሆን ሣር ላይ መታየቱንና ከፋይቶፕላዝማ ጋር የተያያዘ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት አመልክቷል። ስለዚህ ነገሩ የጎረቤት አገር ችግር ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ለዚህ በሽታ በገበሬው እጅ የሚገኝ መድኃኒት የለም። መከላከያው የታመመውን ጉቶ ከነሥሩ ነቅሎ ማቃጠል፣ ጤናማ መሆኑ ካልተረጋገጠ ማሳ ግንድ አለመቀበል፣ ማጭዱን ከታመመ ማሳ ወደ ጤነኛ ማሳ ከማሻገር በፊት ማጽዳትና በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መፈለግ ነው። የመጨረሻው ሥራ የተመራማሪዎች ነው። ተመራማሪው ደግሞ የሚመርጠው ልዩ ልዩ ዝርያ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲያገኝ ብቻ ነው።

በጉርድ ሾላ የተከማቸ ሀብት

ከላምበረት ብዙም በማይርቀው ጉርድ ሾላ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ድርጅት ግቢ ይገኛል። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 የዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል በሚል ስም ተቋቁሞ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በናይሮቢ ከነበረው የእንስሳት በሽታ ምርምር ተቋም ጋር ተዋሕዶ የአሁኑን ስም ያገኘ ነው። በግቢው ውስጥ በዓለም ከታወቁት የመኖ ዘር ባንኮች አንዱ አለ። በዚህ ባንክ ከ1,000 በላይ የተክል ዓይነቶችን የሚወክሉ ወደ 19,000 የሚጠጉ ናሙናዎች ተቀምጠዋል። አብዛኛው በደረቅና በቀዝቃዛ ክፍል በዘር መልክ የተቀመጠ ነው፤ የመጠባበቂያ ናሙናም በኖርዌይ በስቫልባርድ ወደሚገኘው የዓለም የዘር ማከማቻ ተልኳል።

የዝሆን ሣር ግን ቀደም ሲል እንደተገለጠው በዘር መልክ ተቀምጦ ማንነቱን አይጠብቅም። ስለዚህ የሚጠበቀው በሕይወት እያለ በማሳ ላይ ነው። ድርጅቱ ከብርድ ይልቅ ሙቀት በሚያደላበት በቢሾፍቱ የዝሆን ሣር ስብስቡን በመደዳ ተክሎ ይንከባከባል። በዚያ ከተሰበሰቡት መካከል ቁመተ ረጅምና ቁመተ አጭር፣ ጸጉራምና ለስላሳ፣ ድርቅ የሚችልና የማይችል ይገኛሉ። በኋላም ከብራዚል የእርሻ ምርምር ድርጅት ተጨማሪ ዝርያዎች መጥተዋል፤ ከ100 በላይ የሆኑ ናሙናዎችም በዘረመል ምርመራ ተፈትሸዋል። የምርመራው ዓላማ ብዙ ቅጠል የሚሰጠውን፣ በጥቂት ውሃ የሚኖረውንና በሽታ የሚቋቋመውን ቶሎ ለይቶ ለማወቅ ነው።

ሣሩ ቡልቱግ ከሚባለው የቆላ እህል ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ቡልቱግ 14 ክሮሞዞም ሲኖረው የዝሆን ሣር 28 አለው። ሁለቱ ሲዳቀሉ 21 ክሮሞዞም ያለው፣ ቅጠሉ የለሰለሰና ከብት የሚወደው ክልስ ይወለዳል፤ ነገር ግን እንደ በቅሎ መካን ነው። እሱንም ማራባት የሚቻለው በግንድ ቁራጭ ብቻ ነው።

አተካከልና አያያዝ

ለመትከል የሚመረጠው ከ3 እስከ 4 ወር የሆነው ጠንካራ ግንድ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት አንጓ እንዲኖረው ተደርጎ ይቆረጥና ሁለቱ አንጓዎች መሬት ገብተው አንዱ ከላይ እንዲቀር ተደርጎ ሰያፍ ይተከላል። በመደዳዎች መካከል 1 ሜትር፣ በተክሎች መካከል ግማሽ ሜትር መተው ተስማሚ ነው። ጊዜው ዝናቡ ሲረጋ፣ ማለት በሰኔ ነው። አንጓው ተገልብጦ እንዳይተከል መጠንቀቅ ያሻል፤ ቡቃያው ወደ ላይ መመልከት አለበት። መጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አረም ካልታረመለት ቀጭጮ ይቀራል፤ አንዴ ከበረታ በኋላ ግን ራሱ አረሙን ይውጠዋል።

የመጀመሪያው አጨዳ ከተተከለ ከ3 እስከ 4 ወር በኋላ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ በዝናብ ወራት በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይታጨዳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። ሣሩ ሰው ቁመት እስኪያህል ቢጠበቅ ክምሩ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ግንዱ እንጨት ይሆናል፤ ገንቢው ንጥረ ነገርም ይቀንሳል፤ ላሚቱም ቅጠሉን መርጣ ግንዱን ትተዋለች። ሲታጨድም ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር መተው ይገባል፤ ከዚያ በታች የታጨደ ጉቶ ለማቆጥቆጥ አቅም ያጣል። የታጨደው በቆንጨራ ወይም በመክተፊያ መኪና ተከትፎ ቢሰጥ ብክነቱ ይቀንሳል።

ለአንዲት ላም ምን ያህል መሬት ያስፈልጋል የሚለውን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። ክብደቷ 400 ኪሎ የሆነ የወተት ላም በቀን ከክብደቷ 3 በመቶ የሚሆን፣ ማለት 12 ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ግማሹን ከዝሆን ሣር ታግኝ ቢባል 6 ኪሎ ደረቅ፣ ይኸውም እርጥቡ ሲመዘን 30 ኪሎ ገደማ ነው። በዓመት 2,190 ኪሎ ደረቅ ሣር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10 ቶን ደረቅ ሣር ቢሰጥ፣ የሚያስፈልገው 2,200 ካሬ ሜትር፣ ከአንድ ጥማድ በጥቂቱ ያነሰ መሬት ነው፤ ለዚህም 4,400 ቁራጭ ግንድ ይበቃል። በሙቅ አገርና በጥሩ እንክብካቤ ምርቱ ከዚህ በእጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ በብርድ አገር ደግሞ ሊያንስ ይችላል።

የከተማ አርቢ ይህን ያህል መሬት የለውም። በላምበረትም ሆነ በቀረው ከተማ በአጥር ዳርና በቦይ ጠርዝ የሚተከል ሣር ለላሚቱ መደገፊያ እንጂ ሙሉ ቀለብ አይሆንም። ትልቁ ጥቅም የሚገኘው መሬት ያለው የገጠር ገበሬ ሣሩን በእርከን ላይ ተክሎ፣ ለራሱ ላሞች ከቀለበ በኋላ የተረፈውን ለከተማው አርቢ ሲሸጥ ነው። በዚህም እርከኑ ይጠነክራል፤ አፈሩ በጎርፍ አይሸረሸርም፤ ገበሬውም ገንዘብ ያገኛል።

ከመሬቱ የተወሰደው ይመለስ

የዝሆን ሣር ብዙ ይሰጣል፤ ብዙም ይወስዳል። 10 ቶን ደረቅ ሣር ከአንድ ሄክታር ሲነሣ ከ130 ኪሎ ያላነሰ ናይትሮጅን አብሮ ይሄዳል። ይህም በዩሪያ ማዳበሪያ ሲታሰብ ሦስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ነው። ሣሩ አንዴ ተተክሎ ለዓመታት ይኖራል ሲባል ምንም ሳይሰጡት ይኖራል ማለት አይደለም። ፍግ ያልተመለሰለት ማሳ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ምርቱ ይቀንሳል፤ ባለቤቱም ሣሩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የሣሩ አይደለም። ሽንትና እበት ከበረቱ ወደ ማሳው ቢመለስ ግማሽ ችግሩ ይቃለላል። እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ በሚነድበት አገር ይህ ከባድ ምርጫ መሆኑ የታወቀ ነው።

የዝሆን ሣር ብቻውን የተሟላ ቀለብ አይደለም። ከአልፋልፋ፣ ከሰስባንያ ወይም ከዴስሞዲየም ጋር ተደባልቆ ሲሰጥ የወተቱ መጠን ከፍ ይላል። በክረምት የተረፈውንም በ2 እና በ3 ሳንቲ ሜትር ከትፎ፣ ጥቂት ሞላሰስ አርከፍክፎ፣ አየር እንዳይገባው በጉድጓድ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅጥቆ ሳይሌጅ ማድረግ ይቻላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተከፍቶ በበጋ ይመገባል። ድርቆሽ በሚወደድበት በመጋቢትና በሚያዝያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለበቆሎ ገበሬም ሣሩ ሌላ ጥቅም አለው። በናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ1990ዎቹ ጀምሮ ባስፋፋው ዘዴ የዝሆን ሣር በበቆሎው ማሳ ዙሪያ፣ ዴስሞዲየም ደግሞ በበቆሎው መካከል ይተከላል። አገዳ ቆርቋሪው ተባይ ከበቆሎው ይልቅ በሣሩ ላይ እንቁላሉን መጣል ይመርጣል፤ የተፈለፈለው ትልም አብዛኛው ሣሩ በሚያወጣው ሙጫ መሰል ፈሳሽ ተይዞ ይሞታል። ዴስሞዲየሙ ተባዩን በሽታው ከማራቁም በላይ አቀንጭራን ያጠፋል። ገበሬው እህሉንም መኖውንም ያገኛል።

ለደጋው የሚሆን ሌላ ሣር

ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ፣ ለምሳሌ በእንጦጦና በየካ ተራራ ጎን፣ ውርጭ ስለሚበዛ በዝሆን ሣር ብቻ መተማመን አይገባም። ለእንዲህ ያለው ቦታ ደሾና ፋላሪስ ይሻላሉ። ደሾ በደቡብ ኢትዮጵያ በጨንቻ ደጋ የታወቀ አገር በቀል ሣር ሲሆን፣ ቁመቱ አጭር ቢሆንም አፈር አጥብቆ ይይዛል፤ ብርድም ይችላል። እሱም እንደ ዝሆን ሣር ሁሉ ከጉቶው እየተገነጠለ የሚተከል ዘላቂ ሣር ነው። ብልህ አርቢ ከሁለቱም ተክሎ የትኛው በማሳው እንደሚስማማ ራሱ ያያል።

በአንድ ዝርያ ብቻ አለመተማመን ሳይንሱም የጎረቤት አገር ተሞክሮም የሚያስተምሩት ነገር ነው። ማሳውን ሁሉ ከአንድ ጎረቤት ባመጣው ግንድ የሞላ አርቢ ያንን ግንድ ቀርቦ መመርመር አለበት፤ ቅጠሉ ቢጫ፣ አንጓው የተቀራረበ፣ ቁመቱ ያጠረ ከሆነ በነጻ ቢሰጠውም አለመቀበል ነው። ግንድ ከምርምር ጣቢያ ወይም ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ምክር ጠይቆ ማግኘት ይመረጣል። የእርሻ ባለሙያውም በበኩሉ በየመንደሩ ሣሩ ከየት እንደመጣ መመዝገብ፣ የቀጨጨ ጉቶ ሲያይም በዝምታ ማለፍ የለበትም።

ላምበረት ስሙን ያገኘበት ላምና በረት ከመንገዱ ዳር ርቀው ወደ ለገጣፎና ወደ ሰንዳፋ ቢሸሹም፣ ለከተማው ሕፃን የሚቀርበው ወተት ዛሬም የሚወሰነው በዚያ መስመር ያለ አርቢ ለላሙ በሚያቀርበው ቀለብ ነው። በሰኔ የተተከለ ግንድ በመስከረም ይታጨዳል። የዘንድሮውን ክረምት ሳያሳልፍ አንድ መደዳ እንኳ በአጥሩ ዳር የተከለ አርቢ፣ የድርቆሽ ክምር በሚመናመንበት በመጋቢት ከወጪው ጥቂት ማቃለሉን ያየዋል።